ሳይከፍት የሚያውቀው ወንድሜ

በየቤተሰቡ ሳይከፈት የሚያውቅ ሰው አንድ አይጠፋም። የታሸገ ዕቃ ሲመጣ ቀድሞ እጁን ይዘረጋል፣ ከፍ ዝቅ ያደርገዋል፣ ጆሮው ሥር ያንቀጫቅጨዋል፤ ከዚያ የባለቤቱን ደስታ ቀምቶ ይናገራል። እኛ ቤት ይህ ዕጣ የወጣው ለታናሽ ወንድሜ ነው። "ክቡር መዛኙ" እንለዋለን። ስናፌዝበት አይመስለውም፤ ማዕረጉን ተቀብሎታል።

"አትክፈቱት፣ እኔ ልንገራችሁ" ካለ አለቀ። የልጅ ልጄ ልደት ላይ ሕፃኗ ስጦታዋን ሳትቀደው "ጫማ ነው፤ አንዱ ይከብዳል፣ የሚጠቀጠቀውን ወረቀት ሁሉ እሱ ውስጥ ከተውታል" ብሎ አስለቀሳት። ጫማ ነበር። ወረቀቱም እንዳለው ነበር። ፍራፍሬ ሻጩ ከሩቅ ሲያየው ሐብሐቡን በሸራ ይሸፍናል። እኔን እንኳ አንድ ቀን ክንዴን ይዞ ከወንበር ሲያስነሳኝ፣ "እትዬ፣ ከስተሻል፤ ምሳ እየዘለልሽ ነው" አለኝ። እየዘለልኩ ነበር። የሚያናድደውስ ይኸው ነው፣ እውነት መሆኑ።

ይህን አመሉን ሥራ ብሎ የሚቀበል መሥሪያ ቤት አግኝቶ አረፈው። ጠፈር ላይ የሚዞሩትን ድንጋዮች፣ አስትሮይድ የሚሏቸውን፣ ሆዳቸው ውስጥ ምን እንዳለ ያጠናል። የእኔ ትምህርት አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቀረው፤ እሱ እንዳስረዳኝ ልንገራችሁ። መንኮራኩር በድንጋዩ አጠገብ ስታልፍ ድንጋዩ በስበቱ ጎተት ያደርጋታል። ምድር ላይ ያሉት የሬዲዮ ምልክቷን እየተከታተሉ ምን ያህል እንደተጎተተች ያሰላሉ። ጠንክሮ የሳባት ጎን ውስጡ ጠጣር ነው፤ ላላ ያለው ጠጠርና ባዶ ቦታ ነው።

"ሳትነኩት?" አልኩት።

"መንካትማ ማንም ይነካል" አለኝ።

ጡረታ ሊወጣ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ትልቁ ነገር መጣ። መሥሪያ ቤቱ የላካት መንኮራኩር ድንች የመሰለ አንድ ድንጋይ ላይ ልታርፍ ነው። ጠጣሩ ላይ ካረፈች ትቆማለች፤ ጠጠሩ ላይ ካረፈች ትሰምጣለች፣ የስንቱ ሰው የአሥር ዓመት ልፋትም አብሯት። ወንድሜ መንኮራኩሯ ቀደም ብላ በድንጋዩ አጠገብ ስታልፍ የተጎተተችውን አስልቶ፣ አፉን ሞልቶ "ወፍራሙ ጫፍ ላይ ትረፍ" አለ፤ ጽፎም ፈረመ። የተጠራጠረው አልነበረም።

ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ እየበላ የመንኮራኩሯን የሥራ መዝገብ ሲያገላብጥ ማንኪያው አየር ላይ ቀረ።

"ምነው?" አልኩት።

"ያን ቀን ስታልፍ የሶላር ክንፎቿን አዙረዋቸዋል፣ እትዬ። የፀሐይ ብርሃን ይገፋል። በጥቂቱ ነው፣ ግን ይገፋል። እኔ መዞራቸውን ስሌቱ ውስጥ አላስገባሁም። የፀሐይን ግፊት ለድንጋዩ ቆጠርኩለት።"

ንፋስ የገፋውን ጀልባ ወንዝ ወሰደው እንደ ማለት ነው፤ ገባኝ። "ታዲያ ወፍራሙ ጫፍ?"

"እንጃ።"

ይህን ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። ዝም ቢል በጭብጨባ ይሸኛል፤ መንኮራኩሯ የምታርፈው እሱ ከወጣ በኋላ ነው። ብትሰምጥም ድንጋዩ ይረገማል እንጂ እሱን የሚያነሳ የለም። ይህን ሁሉ አሰብኩ፣ አልዋሽም። "ሰኞ ትነግራቸዋለህ" ስለው፣ "የተሳሳተ ወረቀት ጠረጴዛቸው ላይ አይደር" ብሎ ተነሳ። የሸሚዙን ቁልፎች አዛንፎ ስለቆለፋቸው እኔ አስተካከልኩለት፤ አብሬውም ሄድኩ።

አለቃው በዕድሜ ልጁ የምትሆን ሴት ናት፤ ማረፊያው ስለተቃረበ ቅዳሜም ቢሮ ነበረች። እኔ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እሱ ቆሞ ተናገረ። አብረዋት የሚሠሩ ሁለት ወጣቶች ተያዩ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ባይነግሩን ማን ያውቅ ነበር?" አለችው።

"ማንም። ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት።"

ወረቀቱን ተቀብላ እስከ መጨረሻው አነበበችው። "እንግዲያው ክንፎቿን ሳናዞር አንዴ እናሳልፋታለን። ስሌቱን ግን እርስዎ ነዎት የሚሠሩት፤ ጡረታው ይቆየን።"

ተሠራ። ወፍራሙ ጫፍ ጠጠር ሆኖ ተገኘ። መንኮራኩሯ ዛሬ ቀጭኑ ጫፍ ላይ ቆማለች ይሉኛል።

የእኔ ልብ ግን ያቺ ቅዳሜ ላይ ነው። ከቢሮው ስንወጣ ራሱን ደፍቶ፣ "አሳፈርኩሽ አይደል?" አለኝ። ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ በተሳሳተልኝ እያልኩ ስለት ስሳል የኖርኩ ሴት፣ ክንዱን ይዤ በዚያ ጎዳና ስወርድ፣ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ አስቁሜ "ይሄ ወንድሜ ነው" ማለት አማረኝ።