ዜና ዶን ካቴሎ ባለ እጀታው፣ አማታቸው ውሃውን ያነሡበት ቀን

በዶን ካቴሎ ዘመነ ጡረታ በአራተኛው ዓመት፣ አማታቸው ዶና ኤርሲሊያ መቁጠሪያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው በገቡ በሁለተኛው፣ በወርኀ ነሐሴ፣ የሰፈሩ ባለ ቡና ቤት መዝጊያውን ቁልቁል ጠርቅሞ ወደ ባሕር በወረደና ናፖሊ በሙሉ እያዛጋች በቀረች ጊዜ፣ ይህ የምጽፈው ገድል ተፈጸመ። ያየሁትን እንዳየሁት ጻፍሁ፤ ያላየሁትንም ካየሁት አሳምሬ ጻፍሁ።

ዶን ካቴሎ፣ ኀያል ወግሩም፣ ክንደ ብረት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ተራራ የሚወጣውን የገመድ ባቡር በአንዲት እጀታ ሲያወጡና ሲያወርዱ የኖሩ፣ አንድ ቀን ፍሬኑ እምቢ ቢል ባቡሩን ከነተሳፋሪው፣ ከነአንዲት ነፍሰ ጡርና ከነሁለት የዓሣ ቅርጫት በግራ እጃቸው ይዘው ያቆሙ፣ በቀኛቸው ግን ሲጋራቸውን ያልጣሉ ናቸው። ጡረታ በወጡም ቀን ባልደረቦቻቸው እያለቀሱ አንዲት የቡና ማሽን አበረከቱላቸው። እርሷም በክንድ ኃይል እንጂ በሌላ የማትታዘዝ፣ ረጅም እጀታ ያላት ነበረች፤ በጀርባዋም «እጅህ እጀታ እንዳያጣ» የሚል ተቀርጾባታል። ዶን ካቴሎ ይህችን ጽሑፍ በየማለዳው በጨርቅ ይወለውሏት ነበር።

ማሽኒቱ ግን ለጌታዋ አልተገዛችም። በመጀመሪያው ዘመቻ ቡናውን እንደ ጨው አሻክረው ቢፈጩት ውሃው እንደ ክረምት አሸንዳ ወረደ። በሁለተኛው እንደ ዱቄት ቢያልሙት እጀታዋ አልወርድ አለች፤ እሳቸውም በሙሉ ክብደታቸው ቢንጠለጠሉባት እግራቸው ከመሬት ተነሣ፤ ከዚያም ተናደው ግፊቱ ሳይወጣላት ማጥለያዋን ቢፈቱት ፈነዳች፤ ቡናውም ጣሪያውን መታ፣ በግድግዳው ለተሰቀለው ቅዱስ ሥዕል ጢም አበቀለለት፣ ሰፈርተኛውም እሳተ ገሞራው ቬሱቪዮ ተነሣ ብሎ ከነፒጃማው ደረጃ ወረደ። በሦስተኛው ዘመቻ አፈጫጨቱን ገሩት፤ ቡናው ግን እንደ ሎሚ ኮመጠጠ፣ ለምን እንደ ኮመጠጠም የሚያውቅ አልተገኘም።

ወእምዝ ሚስታቸው ዶና ሮዛልባ፣ ንግሥተ ኩሽና፣ መሰላል ላይ ቆመው ጣሪያውን እየፈተጉ ይህን አዋጅ አስነገሩ፦

«ስማ ካቴሎ፣ አንድ ጊዜ ነው የምናገረው! በእመቤታችን ዕርገት ቀን ለእማማ ቡና ታፈላለህ። እማማ ጠጥታ ውሃ ያነሣች እንደሆነ ይሄ ብረትህ ከቤቴ ይወጣል። ለሳባቲኖ እሰጠዋለሁ፣ መብራት ያድርገው!»

በዚያ አገር ውሃ ከቡና በፊት ይጠጣል፣ አፍ ይጠራ ዘንድ። ከቡና በኋላ ውሃ ያነሣ ሰው ግን የቡናውን ክፋት ከአፉ እያጠበ ነውና፣ ያፈላውን ሰው በአደባባይ በጥፊ ቢመታው ይቀላል።

ሳባቲኖ የተባለውም ከታች ፎቅ የሚኖር፣ በምድጃ ላይ በምትጣድ ትንሽ የቡና ማፍያ የሚምል፣ ማሽን የሚባል ሁሉ ጠላቱ የሆነ ሰው ነው። እርሱም ከሰገነቱ አንገቱን ወደ ላይ ሰቅሎ ጠዋትና ማታ እንዲህ እያለ ያውጅ ነበር፦

«ዶን ካቴሎ! ኧረ ቶሎ በል፣ አምፖሉን እኮ ገዛሁ! ጥላውም ሮዝ ነው፣ አልጋዬ አጠገብ ነው የማቆማት!»

ዶን ካቴሎም ይህን ሰምተው ወዳጃቸው ባለ ቡና ቤቱ ወደ ባሕር ሳይወርድ በፊት የነገራቸውን ሕግ አስታወሱ፦

«እጀታዋን ወደ ላይ አንሣና፣ ውሃው ቡናውን እስኪያርሰው አንድ ሰላም ለኪ ድገም። ከዚያ በሁለት ሰላም ለኪ ቀስ አድርገህ አውርዳት። ሌላ ምሥጢር የለውም የኔ ጌታ።»

ይህን ሕግ በሦስተኛው ዘመቻ አክብረውት ነበር። ነገር ግን ዶን ካቴሎ ያን ጸሎት የተማሩት በኳስ ሜዳ ነው፤ ፍጹም ቅጣት ምት ሲመታ የሚደገመውን፣ ኳሷ መረብ ሳትነካ አሜን የሚባልበትን። ስለዚህም ቡናው ሳይርስ እጀታዋ ትወርድ ነበር።

በዓሉም ደረሰ። ከጀግናው ጋር በኩሽናው የተሰለፉት እነዚህ ናቸው፦ የባቡሩ ባልደረቦች አራት ሆነው፣ ኮፍያቸውን በደረታቸው ይዘው፤ ባሏ የሞተባት የሦስተኛ ፎቅ ሴት ከነድመቷ፤ ጡረተኛው የጉምሩክ ሹም፣ መነጽሩን እየወለወለ፤ ደግሞም የማንም ዘመድ ያልሆነ፣ ቡና አለ ሲባል ሰምቶ የገባ አንድ ሰውዬ። ዶና ሮዛልባ የማሽኒቱን መጠቅለያ ብርድ ልብስ ይዘው በሩ ላይ ቆሙ።

ዶን ካቴሎ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰበሰቡ፤ ማሽኒቱን አሞቁ፣ ማጥለያዋንም አብረው አሞቁ፤ ቡናውን በእጅ ፈጭተው በጣታቸው መሐል አሹት፤ አስተካክለው ጠቀጠቁት፤ እጀታዋንም ወደ ላይ አነሡ። ወዲያውም በኳስ ሜዳው ፍጥነት ጀምረው አሜን ሊሉ ከንፈራቸውን ሲከፍቱ፣ ከጎን ካለው ክፍል የዶና ኤርሲሊያ ድምፅ መጣ፦

«ሰላም ለኪ ማርያም... ኡፍ ጉልበቴ... ጸጋን የተመላሽ ሆይ... ማነው መስኮቱን የከፈተው?»

በዚያም ቤት ጽኑ ሕግ አለ፤ ከዶና ኤርሲሊያ ቀድሞ አሜን ያለ ሰው መቁጠሪያውን በሙሉ ከመጀመሪያው አብሯቸው ይደግማል። ስለዚህ ዶን ካቴሎ እጀታቸውን ሽቅብ እንደያዙ፣ አፋቸውን እንደከፈቱ፣ እንደ ሐውልት ደርቀው ቀሩ። አሮጊቷ ተነፈሱ፣ የአንድ የሞተ አጎት ስም አነሡ፣ አሜን አሉ። ያን ጊዜ እጀታዋ መውረድ ጀመረች። በሁለተኛው ጸሎት እኩሌታ ደረሰች፤ በሦስተኛው አሜን ታች ነካች። ቡናውም እንደ ማር የወፈረ፣ እንደ አይጥ ጅራት የቀጠነ ሆኖ ወረደ፤ አረፋውም የመነኩሴ ቀሚስ መሰለ። የጉምሩኩ ሹም መነጽሩን ወለወለ፣ እንደገናም ወለወለ።

ዶና ኤርሲሊያ መቁጠሪያቸውን በአንገታቸው አድርገው ገቡ። በትሪው ላይ ስኒው፣ በስኒውም አጠገብ አንድ ብርጭቆ ውሃ ነበር። ውሃውን አስቀድመው አልነኩም፤ ሕዝቡም ይህን ክፉ ምልክት አደረገው። ስኒውን አነሡ፤ አንዴ ፉት አሉ፣ ሁለቴ ፉት አሉ፣ ሦስተኛውን ዓይናቸውን ጨፍነው ጨለጡት። ከታች የሳባቲኖ አዋጅ ተሰማ፦

«ዶና ሮዛልባ! ልውጣ ወይስ በገመድ ታወርጂልኛለሽ?»

ወሶቤሃ የዶና ኤርሲሊያ እጅ ወደ ብርጭቆው ተዘረጋ። አነሡትም።

ከአራቱ ባልደረቦች አንዱ ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ዶና ሮዛልባ ብርድ ልብሱን ዘረጉ። ፍሬን የከዳው ባቡር ያላስደነገጣቸው ዶን ካቴሎ በማሽኒቱ ጀርባ የተቀረጸውን ጽሑፍ በመዳፋቸው ከለሉት፣ እንዳታይ።

አሮጊቷ ግን ብርጭቆውን ይዘው እያነከሱ ወደ ሰገነቱ ወጡ፤ ወደ ታችም ተመለከቱ፤ ቀና ባለው በሳባቲኖ ፊት ላይ ውሃውን ከነብርዱ ደፉት፤ እንዲህም ሲሉ አወጁ፦

«በል ዝም በል አንተ! አፌ ላይ ያለው ጣዕም ይቆይበት፣ ስትለፈልፍ አታስረሳኝ! ካቴሎ፣ አንድ ድገመኝ!»

በኩሽናውም እልልታ ሆነ፤ ባልደረቦቹ ጀግናውን ተሸከሟቸው፣ ግን ክብደታቸውን ረስተው ነበርና ወዲያው አወረዷቸው። የማንም ዘመድ ያልሆነው ሰውዬ አለቀሰ። ዶና ሮዛልባም ብርድ ልብሱን አጥፈው ወደ ሣጥኑ መለሱት። የሳባቲኖ አምፖል እስከ ዛሬ ሮዝ ጥላውን ለብሶ በመሳቢያ ይኖራል።

ስብሐት ለክንደ ብረቱ ዶን ካቴሎ፣ አበ እጀታ፣ መዋዔ አይጥ ጅራት፣ ባቡርንና ቡናን በአንድ እጅ ላወረዱ! ሁለት ዓመት ሙሉ የአማታቸው ጸሎት እንዲያጥር የተሳሉ እርሳቸው፣ አሁን በየማለዳው ማሽኒቱን አሙቀው ወንበር ይስቡላቸዋል፣ እጀታዋንም ሽቅብ ይዘው ይጠብቃሉ፤ የአሮጊቷንም ዕድሜ እንዲያረዝምላቸው ከልባቸው ይለምናሉ፣ ቀስ ብለው።