የጋሽ ተክሉ ሁለተኛ ቁልፍ

እኛ ሰዎች ቁልፍ እንወዳለን፤ መቆለፍ ግን አንወድም። የግቢያችን በር ላይ ሦስት ጓጉንቸር እንደረድርና ቁልፉን ከአበባው ማሰሮ ስር እናስቀምጣለን። ለምን ቢባል፣ ድንገት ሰው ቢመጣስ? ሌባም ሰው መሆኑን የሚያስታውስ የለም።

ይህን የምላችሁ ሙያዬ መቆለፍ ስለሆነ ነው። ካዛንቺስ፣ ከፈረሳው በተረፈ አንድ ሕንፃ ላይ፣ የውሃ ፓምፕ የሚያስመጣ ድርጅት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። የድርጅቱ ኢሜይል ከመጸዳጃ ቤቱ ጎን ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ እኔ በምጠብቀው ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው። ማንበብ የሚቻለውም ቢሮ ተቀምጦ ብቻ ነበር። በዚህ ቅር የተሰኘ ሠራተኛ ግን አላየሁም። ሥራ ቤቱ ድረስ እንዲከተለው የሚመኝ ማን አለ?

ታዲያ ሥራ አስኪያጃችን ጋሽ ተክሉ ከሕንፃው ደረጃ ላይ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ፤ ሊፍቱ እንደ ልማዱ አይሠራም ነበር። በጀሶ ታስረው ላንቻ ቤታቸው ተኙ። በዚያው ሰሞን ፓምፕ የሚልክልን የውጭ ፋብሪካ የወኪልነቱን ውል ለማደስ ወደ አገሩ ጠራቸው። እግሬ ተሰብሯል፣ መንቀሳቀስ አልችልም ብለው በስልክ ነገሩት። ፋብሪካውም እሺ፣ ሐሙስ ዋጋውን በኢሜይል እንልካለን፤ በዚያው ቀን እርስዎ ራስዎ ከድርጅቱ አድራሻ ካልመለሱልን ግን ውሉን ለሌላ እንሰጣለን አለ። ውሉ ከሄደ እኛም መበተናችን ነው። ዋጋ ደግሞ ጋሽ ተክሉ ለማንም አያሳዩም፤ ለባለቤታቸውም ጭምር።

እኔ ሆዬ፣ የኔ ቀን መጣ አልኩ። ባለቤቱን ከውጭ የሚያስገባ፣ ሌባ ግን የማያስገባ በር ሠራሁ። አንደኛው ቁልፍ የይለፍ ቃል ነው። ሁለተኛው በየግማሽ ደቂቃው የሚቀያየር ቁጥር ነው፤ ሰርቨሩም የባለቤቱ ስልክም እያንዳንዳቸው ሰዓታቸውን አይተው አንድ ዓይነት ቁጥር ያወጣሉ። ይህን ሠራተኛውን ሰብስቤ ሳስረዳ ግማሹ አፉን ከፍቶ ነበር፤ በኋላ ሲጣራ ሲያዛጋ ነው። መስቀል ፍላወር አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ በራሴ ስልክ ሞከርኩት፤ እንደ ቅቤ ገባ። ጋሽ ተክሉም በስልክ እየመራኋቸው ራሳቸው ጫኑት።

ሐሙስ ዋጋው መጣ። ጋሽ ተክሉ ሊከፍቱ ቢሞክሩ ቁጥሩ ትክክል አይደለም አላቸው። ደገሙ፤ አሁንም አይደለም። መነጽራቸውን እስኪያደርጉ ቁጥሩ እያመለጣቸው ይሆናል ብዬ፣ እባክዎ ፈጠን ይበሉ አልኳቸው። ከመቼ ወዲህ ነው እኔ በቁጥር የምታማው አሉኝ። ሰርቨሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ይህ በኛ ሙያ ጸሎት ማለት ነው። ጸሐፊያችን ሒሩት ብቅ ብላ፣ በቃ ሁለተኛውን ቁልፍ አንሣውና ይግቡ፣ ማን ያየናል አለችኝ። የአበባው ማሰሮ መጣ ማለት ነው። እውነቱን ልናገርና እጄ ሊያነሣው ሄዶ ነበር፤ ያን ሁሉ ንግግር ባላደርግ ኖሮ አነሣው ነበር።

በስታዲየም አድርጌ በታክሲ ላንቻ ደረስኩ። ጋሽ ተክሉ እግራቸውን ትራስ ላይ እንደሰቀሉ ስልካቸውን አየት አድርገው፣ ዘጠኝ ተኩል ሆነ እኮ ልጄ፣ ምንድን ነው የምታደርገኝ አሉኝ። ስልኩንም ሰጡኝ፤ እውነትም 9፡30 ይላል። ልክ ነው ብዬ ሥራዬን ልጀምር ስል ደነገጥኩ። የእኔ ስልክ የሚለው 3፡30 ነው። የሁላችንም ስልክ እንዲያ ነው የሚለው፤ ስድስት ደምረን ወይ ቀንሰን ወደ አገራችን የምንመልሰው በጭንቅላታችን ነው። ሰዓቱን ማን ነካው ብላቸው፣ በኩራት፣ ራሴ ነኝ፣ በገዛ አገሬ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማወቅ ሒሳብ መሥራት አለብኝ እንዴ አሉ። ለካስ ስልካቸው ከሰርቨሩ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ቀርቶ፣ ጊዜው ያለፈበት ቁጥር ነበር የሚሰጣቸው።

ላስተካክለው ስል እጄን ያዙኝ። የፈረንጅ ሰዓት ስልኬ ላይ አይወጣም አሉ። ቀኑ እየመሸ ነው፣ እሳቸው ደግሞ ንቅንቅ አይሉም። ታዲያ ሙያ ለመቼ ነው? የስልኩን ሰዓት አርሜ፣ ያለበትን አገር ቀየርኩበት። ከእኛ ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ የሚቆጥር አገር ስፈልግ አርጀንቲና ተገኘች። ያለኸው አርጀንቲና ነው አልኩት፤ አመነኝ። ቁጥሩ የሚወጣው ለዓለም ሁሉ አንድ በሆነው ሰዓት እንጂ ስልኩ ላይ በሚታየው አይደለምና፣ እሳቸው የለመዱት ሰዓት ፊታቸው ላይ እንዳለ ቁጥሩም ሠራ። ዋጋውን አንብበው ተስማምቻለሁ ብለው ላኩና አቀፉኝ። በአርጀንቲና በኩል መዞሬን ስነግራቸውማ፣ ድሮም ትክክለኛው የኛ ሰዓት ነው፣ ይኸው ሌላውም ደርሶበታል አሉ። ደስ አለኝ፤ ውሉም ቁልፉም ተርፈዋል።

በማግስቱ ጋሽ ተክሉ ደወሉ። ድምፃቸው ጥሩ አልነበረም። ከፋብሪካው መልስ መጥቷል፣ ውሉ ታድሷል፣ መጨረሻው ላይ ግን አንድ ነገር ጽፈዋል ብለው አነበቡልኝ። እዚያም እንደኔ ያለ አንድ ቆላፊ አለ ለካ፦ የደህንነት ባለሙያችን እንደነገረን መልእክትዎ የተጻፈው በአርጀንቲና ሰዓት ነው፤ እግርዎ ድኖ ይህን ያህል ርቀው ለመዝናናት በመብቃትዎ ከልብ ደስ ብሎናል።