ዳንቴል የማይደረግበት ዕቃ

እኛ ሰዎች አንድን ነገር «አስቀመጥኩት» ስንል ቆለፍኩበት ማለታችን ነው። ሳጥን ውስጥ፣ ያውም ከልብሱ ሁሉ ሥር፣ በነጠላ ጠቅልለን፣ ቁልፉን አንገታችን ላይ አስረን። ሐሳባችን ሁሉ ሌባ ላይ ነው። ባሮ ወንዝ ከዳርቻው ወጥቶ ሰፈራችንን በጎበኘበት ክረምት ግን ቁልፍ የጠየቀኝ የለም። የሠርጌ ፎቶዎች እንደተቆለፈባቸው ረጥበው፣ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ሆኑ። ላላቅቃቸው ስሞክር የባሌ ፊት ሚዜው ኮት ላይ ቀረ። እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይጠፋም፤ ከጠፋም ወንዙ ገና አልመጣም።

ባሌ ካረፈ አራት ዓመት አለፈ። የቀረኝ ድምፁ ነው። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ልጆቹን አንድ በአንድ በስማቸው እየጠራ ይጸልይላቸው ነበር፤ ጸሎቱንም በስልኩ ይቀዳዋል። ለምን እንደሚቀዳ ስጠይቀው «ሲያድጉ እሰለቻቸዋለሁ፤ ከዚያ ደግሞ እናፍቃቸዋለሁ» ይለኝ ነበር። አንድ ቢሮ ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነችው ልጄ ሣራ ስልኩ ጨርሶ ሳይበላሽ ያን ሁሉ ቅጂ ሳሎናችን ወዳለው ትልቅ ኮምፒውተር አስገባችው። ተመስገን፣ ተቀመጠ አልኩ።

«አልተቀመጠም፣ እማ» አለችኝ። «ያው አንድ ቤት ነው። ሌላ ቤት ሆኖ፣ እዚህ ያለውን በኢንተርኔት እየተቀበለ ሁለተኛ ቅጂ የሚይዝ ትንሽ ማሽን፣ ሰርቨር የሚሉት፣ ያስፈልገናል።»

ሌላ ቤት ስትል የባሌ እህት አጁሉ ትዝ አለችኝ፤ ቤቷ ከወንዙ ርቆ ከፍታ ላይ ነው። ማሽኑን ግን እኔ እመርጣለሁ አልኩ። ሣራ ሳቀች። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመች ሴት ሰርቨር ልትመርጥ! ይሁን፤ ዶሮ መምረጥስ የተማርኩት ትምህርት ቤት ነው እንዴ?

ገበያው አጠገብ ኤሌክትሮኒክስ የሚሸጠው ከድር ቁመቱ ጉልበቴ ድረስ የሆነ፣ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚሽከረከርበት፣ አምስት ማራገቢያ ያለው ዕቃ አወጣልኝ።

«ለእናቴ የሚመጥን ይሄ ነው!»

«ምን ይሠራል?»

«የማይሠራው የለም!»

«እኔ የምፈልገው የሰጡትን ይዞ ዝም የሚል ነው። መብራት ሲጠፋስ?»

«እሱማ… አብሮ ይጠፋል።»

አመስግኜው ወጣሁ። በማግስቱ ተመለስኩ፤ ሌላ የሚያብለጨልጭ አሳየኝ። በሦስተኛው ቀን ከጠረጴዛው ሥር ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ላፕቶፕ አየሁ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው አፈረ። ክፈተው አልኩት፤ ተከፈተ። ከሶኬቱ ንቀለው አልኩት፤ ነቀለው፣ አልጠፋም። የራሱ ባትሪ አለው! መብራት በሄደ ቁጥር የማይደነግጥ፣ ቆጣሪ የማያስሮጥ፣ ሌባ ቢያየው እንኳ አዝኖለት የሚያልፈው ዕቃ።

«እናቴ፣ ሰው እኮ ‹ሰባራ ሸጠላት› ይለኛል» አለ ከድር።

«‹እሷው ለምናው ነው› ይላሉ፣ አትጨነቅ።»

ሣራ አገላብጣ መረመረችውና አዲስ ዲስክ ጨመረችበት። ማሽኑ ቢያረጅ ግድ የለም፣ ዲስኩ ላይ ግን አልደራደርም አለች። ተስማማን።

አጁሉ ቤት ይዘነው ስንገባ ግን የቤቱ አየር ተለወጠ። ላፕቶፑን አየችው፤ እኔን አየችኝ።

«የሣራ እናት፣ ወንድሜ በዚህ በር ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባው። እዚህ ሰባራ ውስጥ ልትከቺው ነው?»

ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። እኔ ያመጣሁት ዕቃ ነው፤ እሷ ያየችው የወንድሟን ማረፊያ ነው። ጓዳ ገብታ ለቴሌቪዥኗ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል አመጣች። «ቢያንስ ይልበስ» አለች።

«ዳንቴል አይደረግበትም!» አልኩ። እኔ የምጮህ ሴት አይደለሁም፤ ያን ቀን ጮህኩ። «ይታፈናል፣ አጁሉ! እኛ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን የምናልብበት አገር ውስጥ እሱን ልታለብሺው?»

«እንግዳን ራቁቱን አስቀምጪ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ፣ ራቁቱን!»

መስኮቱ አጠገብ ባለው የሽቦ መደርደሪያ ላይ ራቁቱን ተቀመጠ። እሷም እስከ እሑድ አኮረፈችኝ።

ቅጂው መተላለፍ ጀመረ። የኛን ኔትወርክ ታውቁታላችሁ፤ ሲፈልግ ይሄዳል፣ ሲያሻው ያርፋል። እኔም በጸሎቴ መጨረሻ «ኔትወርኩንም አስብልን» ማለት ለመድኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳ የመጣችው ሣራ ሳሎን ሆና ጠራችኝ። ትልቁ ኮምፒውተር አልነሳ ብሏል። ሄጄ ነካሁት፤ እጄን አቃጠለኝ። ለካ የባሌ ድምፅ የገባበት ቀን ደስ ቢለኝ፣ ርግብ ያለበትን ትልቁን ዳንቴሌን ከፊት እስከ ኋላ አልብሼው ኖሯል! በየማለዳው አቧራውን እያራገፍኩ መልሼ የማለብሰው እኔው ነኝ። እናንተ ቀድማችሁ ጠርጥራችሁ ይሆናል። እኔ አጁሉን ሳስተምር ጊዜ አላገኘሁም።

«ዲስኩስ?» አልኩ።

«ዲስኩም ሄዷል።»

«እዚያኛው ጨርሷል?»

«ትናንት ጠዋት ጥቂት ይቀረው ነበር።»

ባጃጅ ይዘን ወደ አጁሉ ቤት በረርን። አጁሉ በሩ ላይ ፊታችንን አይታ ምንም ሳትጠይቅ አስገባችን። ሰባራው መደርደሪያው ላይ አለ፤ አረንጓዴ መብራቱ ትርገበገባለች። ሣራ ስልኳን ከሱ ጋር አገናኝታ የቅጂዎቹን ዝርዝር ወደ ታች ወረደች፣ ወረደች፣ የመጨረሻውን ቅጂ ነካችው። መጀመሪያ ዝምታ ሆነ። ከዚያ አንድ ሳል፤ ከዚያ፦

«ይሄ ነገር እየቀዳ ነው?»

«እየቀዳ ነው» አልኩት፣ ጮክ ብዬ፣ ሰው ፊት።

የልጆቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ። አንድም አልጎደለም። አጁሉ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገችና ወደ እጄ ተመለከተች። በጥድፊያ ስወጣ ጨብጬው የመጣሁት ነገር ነበር።

«የሣራ እናት፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የወንበር ዳንቴል ነው» አልኩ።

ውሸት ስለማልወድ፣ ቤት እንደገባሁ ወንበር ላይ አነጠፍኩት።