ሚኒቫኗን ያሰረው አዋቂ

ልጆቹ «አያቴ፣ የሚኒቫኗን ንገሪን» ስላሉኝ ነው። «አውቃለሁ» ባይ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? የልጄ ባል እንዲያ ነበር። ለእህቱ ሠርግ ዴንቨር ልንሄድ ቤት የሚያክል መኪና ተከራየ፤ የሚኒቫናችንን የፊት ጎማዎች ዶሊ በሚሉት ጋሪ ላይ አውጥቶ ከኋላው አሰራት። የኋላ ጎማዎቿ መሬት ላይ ይሽከረከራሉ።

«አጥብቀህ አስረሃል?» አልኩት።

«ኦኬ ነው እማማ፣ ሁሉንም ቼክ አድርጌያለሁ። አይጨነቁ።»

እኔም አልተጨነቅሁ። እንዳታመልጥ ብቻ የእጅ ፍሬኗን ስቤ ወረድኩ።

መንገድ ላይ ሌዊስቪል የምትባል ከተማ ስንደርስ የኋላ ጎማዎቿ ጨሰው ፈነዱ። በልቤ «እውቀት ሲበዛ እንዲህ ነው» አልኩ። ሠርጉ አለፈን። እህቱ እስከ ዛሬ «አዋቂው ወንድሜ» ስትለው አንገቱን ይደፋል።

የእጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን መሆኑን እኔ የሰማሁት ከዓመታት በኋላ፣ የልጅ ልጄ መንዳት ስትማር ነው።