ፋብሪካው በር ላይ የተለጠፈችው ዝላቲና

የረጠበ ሱፍ በእንፋሎት ሲተኮስ የሚያወጣው ሽታ፣ ያኔ ባልካን ተራራ ሥር ካለው የካልሲ ፋብሪካችን ከወጣ ሰው ሁሉ ልብስ ላይ አይለቅም ነበር። እዚያ ካልሲ ትሰፋ የነበረችው ዝላቲና ዛሬም ያ ሽታ ድንገት አፍንጫዋን ሲነካት መጀመሪያ ትዝ የሚሏት የክፍሏ ኃላፊ፣ ክቡር አለቃ ኤቭስታቲ ናቸው።

እንደ እሳቸው ያለ አለቃ የሌለበት መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ የለም። ሲቆጡ አንደበታቸው የሚፈታ፣ አመስግኑ ሲባሉ ግን ጥርሱን እንዳመመው ሰው አፋቸውን የሚይዙ። ክቡርነታቸው ያላቸው የምስጋና ቃል አንድ ብቻ ነበር፤ «ይሆናል»። ዝላቲና የካልሲውን ጫፍ ስትገጥመው ስፌቱ በጣት ተዳስሶ አይገኝም። እሳቸው ካልሲውን ይገለብጡታል፣ ይጎትቱታል፣ ወደ መስኮቱ አንስተው ያዩታል፤ ከዚያም «ይሆናል» ይላሉ። ሚስታቸው መንታ የወለዱ ጊዜ ሕፃናቱን አየት አድርገው «ይሆናሉ» ብለዋል እየተባለም ይወራ ነበር።

ታዲያ ወንዙ ማዶ አዲስ ፋብሪካ ተከፈተና ዝላቲናን «ነይልን» አላት። መልሷን እስከ ዓርብ ማሳወቅ አለባት። ሥራው ያው፣ ደመወዙም ያው ነው።

«ታዲያ ምን አስኬደሽ?» አለቻት አጠገቧ የምትሠራው ፔንካ።

«እዚያ ሰው ያመሰግናሉ አሉ።»

«እሱን ቀቅለሽ ልትበዪው ነው?»

«አንቺ ደግሞ! ስንት ዓመት ሙሉ ይሆናል ስባል ኖርኩ። አንድ ቀን እንኳ ሆነ አይባልም?»

ወሬው ሥራ አስኪያጁ ጆሮ ደረሰ። ክቡርነታቸው ተጠሩና «ልጅቷ ሳትሄድብን ዛሬውኑ አመስግናት!» ተባሉ። በአፍ የሚሞከር ስላልነበረ መላ ዘየዱ። ፎቶግራፏን በጥቁርና ነጭ አሳተሙ፤ ዙሪያውን በጥቁር መስመር አስከበቡ፤ ከሥሩም «የተወደደችና የተከበረች ባልደረባችን ዝላቲና፤ መቼም አንረሳሽም» አስጻፉና የፋብሪካው በር ላይ ለጠፉት።

በከተማችን ልክ እንደዚያ የሚለጠፈው የሞተ ሰው ነው። ምን ያድርጉ? ሰው ሲመሰገን ያዩት እንደዚያ ባለ ወረቀት ላይ ብቻ ነበር።

ረፋዱ ላይ በሩ በለቀስተኛ ተሞላ። በእኛ አገር አበባ በሕይወት ላለ ሰው በጎዶሎ ቁጥር፣ ለሞተ ሰው ግን ጥንድ ጥንድ ነው የሚሰጠው፤ የመጣው አበባ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ነው። የዝላቲና አክስት ደረታቸውን እየደቁ መጡ። ጩኸቱ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ በላይ ሲሆን ዝላቲና ወጥታ ከዘበኛው ቤት ጀርባ ቆመች።

«አልሞተችም!» ይላሉ ክቡርነታቸው።

«አይዞህ ልጄ፣» አሏቸው አክስቷ እያለቀሱ፣ «እኔም እንዳንተው አላምን ብያለሁ።»

ይኼኔ ክቡርነታቸው ቱግ አሉ። «አልሞተችም እኮ ነው የምለው! የለጠፍኳት ሥራዋ ቢያኮራኝ ነው! እንደ እሷ ያለ እጅ እዚህ ቤት ገብቶ አያውቅም፣ ሰማችሁ? እሷ የነካችውን ካልሲ ደጋግሜ የማየው እንከን ፍለጋ መሰላችሁ? ደስ ስለሚለኝ ነው! ከሄደች ያንን ክፍል ምን ላደርገው ነው? ልዝጋው? ንገሩኛ!»

ዝላቲና ብቅ አለች። አክስቷ ጮኸው አቀፏት፤ ከዚያም ስላስደነገጠቻቸው በጥፊ አሏት።

ከሰዓት በኋላ ዝላቲና ስፌት መኪናዋ ፊት ተቀምጣለች፤ አበባው አጠገቧ ማሰሮ ውስጥ ነው። ክቡርነታቸው ዙረታቸውን ጨርሰው እሷ ጋ ደረሱ።

«ጋሼ ኤቭስታቲ፣ ከአበባው አንዷን ነቅዬ ጎዶሎ አደረግኩት። እንግዲህ በሕይወት አለሁ።»

ክቡርነታቸው አበባዎቹን በዓይናቸው ቆጠሩ።

«ማዶ ላሉትም አልመጣም ልላቸው ነው። ይሆናል?»

ክቡርነታቸው አሁን የጨረሰችውን ካልሲ አነሡ። ሳይገለብጡት፣ ሳይጎትቱት፣ ወደ መስኮቱም ሳያነሡት፣ እጇን እንዳመነ ሰው በቀጥታ ካለቀለት ክምር ላይ አኖሩትና፣ ደህና ዋይ እንኳ ሳይሏት ወጡ።