ክቡር አይገደድም እና አልወርድም ያለው ሲሊንደር

የጠበቀ ክዳን ሲገጥመው ከመታገል ይልቅ ቁጭ ብሎ የሚያስተውል፣ አልከፈት ባለ በር ፊት ቆሞ በሩ እስኪያስብበት የሚጠብቅ ሰው የሌለው ቤተሰብ በዚህ ምድር ላይ የለም። ቤተሰቡ ይራባል፣ ዝናቡ ይመጣል፣ እንግዳው ይደርሳል፤ እሱ ግን ንቅንቅ አይልም። ሌሎቻችን ትዕግሥት የምንለው ነገር ለእንዲህ ያለው ሰው ጠባይ ሳይሆን ማዕረግ ነው።

በእኛ ቤት ይህን ማዕረግ የያዙት የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መድኃኒት ሲመዝኑና ሲቀምሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ሲሆኑ፣ ሰፈሩ እናትና አባታቸው ያወጡላቸውን ስም ትቶ «ክቡር አይገደድም» ይላቸዋል። በቀን ውስጥ ከአፋቸው ከሚወጣው ቃል ግማሹ ይኸው ነውና። መሳቢያ ሲጣበቅ «አይገደድም!» ይላሉ። ክር በመርፌ ቀዳዳ አልገባ ሲል «አይገደድም!» ይላሉ። ሕፃን አልበላም ብሎ ሲያለቅስ ማንኪያውን ከእናቱ እጅ ተቀብለው ያስቀምጡና፣ «አይገደድም፤ ይጠየቃል እንጂ!» ይላሉ። አንድ ጊዜ ሠርግ ተጠርተን አዲሱ ጫማቸው አልገባ ቢላቸው፣ ቆዳው እስኪለዝብ እንጠብቅ ብለው ሙሽሮቹን ሲወጡ አገኘናቸው።

እኔ በተፈጥሮዬ የዚህ ተቃራኒ ነኝ። ፊደል ከቆጠርኩ ጀምሮ አንደኛ ወጥቻለሁ፤ አሁን በምማርበት የምህንድስና ክፍልም ከስሜ በላይ የተጻፈ ስም የለም፤ ፈተና ሲሆን ወረቀቷን ቀድማ የምታስረክበውም እኔው ነኝ። ስለዚህ ክቡርነታቸውን በጥቂት ንቀትና በብዙ መገረም ስመለከታቸው ኖሬያለሁ። መገረሙ ንቀቱን ጠቅልሎ የዋጠው በእናቴ ስኩተር ምክንያት ነው።

እናቴ ቤት ለቤት የምትዞር ነርስ ናት። ከአልጋ መነሳት የማይችሉት ሕሙማኗ የሚኖሩት ከዳገቱ በላይ፣ አውቶቡስ በማይደርስበት ሰፈር ነው። ስኩተሯ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ፣ ክብ መብራቷ የተገረመ ዓይን የሚመስል አሮጌ ናት። አንድ ቀን ዳገቱ መካከል ሞተሩ በሙቀት ተጣብቆ ቀጥ አለ። ፒስተኑ ሲሊንደሩን ክፉኛ ፍቆት ስለነበር አዲስ ሲሊንደር መግጠም ግድ ሆነ። የጤና ጣቢያው ኃላፊም ፍርዳቸውን ሰጡ፦ እስከ ሰኞ ስኩተሯ ካልተነሳች የዳገቱ ዙር ይዘጋል፤ እናቴም ካርድ ክፍል ትመደባለች።

«ካርድ ክፍል!» አለች እናቴ፣ ወህኒ ቤት በሚባልበት ድምፅ። «የእነዚያን ሰዎች ቁስል ማን ሊያጥብላቸው ነው? ካርዱ?»

ክቡርነታቸው ሞተሩን ከስኩተሯ አውርደው፣ በረንዳው ጠረጴዛ ላይ ነጭ አንሶላ አንጥፈው አስተኙት። እጃቸውን እስከ ክርናቸው ታጥበው ሥራ ጀመሩ። ሥራው ለሚሰማው ቀላል ነው። ከሞተሩ ሆድ አራት ረጃጅም ብሎኖች ወደ ላይ ቆመዋል፤ መካከላቸው ፒስተኑ አለ፤ ሲሊንደሩ አራት ቀዳዳዎቹን በብሎኖቹ አሳልፎ፣ ፒስተኑን እንደ ኮፍያ አጥልቆ ሆዱ ላይ ይቀመጣል። አሮጌው ከወለቀ ከሁለት ቀን በኋላ ተገዝቶ የመጣው አዲሱ ሲሊንደርም ወረደ፣ ወረደ፣ ከዚያ የአንድ ጣት ውፍረት ሲቀረው ቆመ።

ይህን ጊዜ ጎረቤታችን አናጢው የእንጨት መዶሻውን ይዞ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ።

«ጋሼ፣ አንዴ ብቻ! እንጨት እኮ ነው፣ አይጎዳውም።»

«አይገደድም!»

«ማን ሊያስገድደው ነው? ላበረታታው ነው እንጂ!»

«ስማ ወንድሜ» አሉ ክቡርነታቸው መነጽራቸውን እየወለወሉ፣ «ዕቃ አልገባም ሲል ሰንፎ አይደለም፤ የሚነግርህ ነገር አለው። ስትመታው አፉን ታስይዘዋለህ።»

ሲሊንደሩን አወጡት። የፒስተኑ ቀለበቶች ተቀርቅረው እንደሆነ አዩ፤ ጫፎቻቸው በየቦታቸው ናቸው። ከሥር የሚነጠፈውን ጋስኬት አንስተው ሞከሩ፤ ያው ነው። በመጨረሻ ፒስተኑንም ነቅለው ባዶውን ሲሊንደር አወረዱት፤ አሁንም የአንድ ጣት ውፍረት ሲቀረው ቆመ። በዚህ መካከል ሳምንቱ ይነጉዳል፤ አናጢው በገባ በወጣ ቁጥር መዶሻውን ያሳያል፤ እናቴም ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች በረንዳው ላይ ትመላለሳለች።

«ጋሼ፣ ሰኞ እኮ ደረሰ!»

«እኔ አውቃለሁ እቴ። ሲሊንደሩ ግን ሰኞን አያውቅም።»

እሑድ ጠዋት የእናቴ ትዕግሥት አለቀ። የአናጢውን መዶሻ ተቀብላ መጥታ ከሞተሩ በላይ ቆመች። ክቡርነታቸው አልታገሏትም፤ መዳፋቸውን ሲሊንደሩ አናት ላይ ዘርግተው አስቀመጡ።

«ምቺ። ከእጄ ጋር ነው የምትመቺው።»

«ጋሼ፣ ዳገቱ ጫፍ ያሉት እማማ እግራቸው እያመረቀዘ ነው! ነገ ካልሄድኩ ማን ይደርስላቸዋል?»

«ለእሳቸው ስል ነው የማላስመታሽ። ተገዶ የገባ ነገር ዳገት ላይ ይከዳል። ያን ጊዜ እሳቸው በአልጋቸው፣ አንቺም በመንገድ ቀራችሁ።»

እናቴ መዶሻውን ቀስ ብላ አውርዳ ለባለቤቱ መለሰችለት። እኔ ያን ዕለት ያየሁትን ጽናት በመጽሐፍም በመምህርም አላየሁም። ሰውየው የሚወዱት ነገር ሁሉ ሊያመልጣቸው የቀረው አንድ ቀን ነው፤ እጃቸው ግን በተኛ ሕፃን ደረት ላይ እንዳረፈ ያህል ሲሊንደሩ ላይ ረግቶ ነበር።

ውፍረትና ስፋት የምለካበትን ካሊፐሬን አመጣሁ። የሞተሩን አፍ ለካሁ፤ ወደዚያ አፍ የሚገባውን የሲሊንደሩን ግርጌ ለካሁ፤ ደግሜ ለካሁ።

«አፉም ግርጌውም ልክ ናቸው» አልኩ። «እነዚህ ሁለቱ አልተጣሉም። የቀሩት ተጠርጣሪዎች ብሎኖቹ ናቸው።»

«አንደኛ የምትወጪው እንዲያው በመልክሽ አይደለም ለካ!» አሉኝ። ይህ ከእሳቸው አንደበት የሽልማት ዋንጫ ነው፤ እንደ ዋንጫም ተቀብዬዋለሁ።

በየብሎኑ ጫፍ ላይ ለመፍቻው መያዣ እንዲሆን ሁለት ዳዶ እርስ በርስ አጣብቀው፣ አንድ በአንድ ፈትተው አወጧቸው። ከዚያ የመኝታ ቤቱን መስተዋት ከግድግዳ አውርደው ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና ብሎኖቹን ያንከባልሉበት ጀመር። የመጀመሪያው ያለ ድምፅ ሄደ። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንዲሁ። አራተኛው ግን መስተዋቱ ላይ ከመጠጥ ቤት እንደወጣ ሰው ተንገዳገደ።

«ማነው ያጎበጠህ?» አሉ ብሎኑን፣ በሽተኛ በሚጠየቅበት ርኅራኄ።

ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ። ቀኝ እጃቸውን አንስተው፣ የቦርሳ ማንጠልጠያ እንደሚይዝ ሰው ጨበጥ ዘርጋ አደረጉት። ለካ ፀሐይ ስትጠልቅ ሁልጊዜ ሞተሩን ወደ ሳሎን የሚያስገቡት፣ በአንድ ክንዳቸው አቅፈው፣ በሌላው ያንኑ ብሎን እንደ እጀታ ይዘው ነው!

«ጥፋተኛው ተገኝቷል!» ብለው አወጁ፣ አዲስ መድኃኒት እንዳገኘ ሊቅ ደረታቸውን ነፍተው። «እኔ ነኝ!»

«ምን ብለህ ነው በየቀኑ የምትሸከመው?» አለች እናቴ።

«ብርዱ...»

«ብረት እኮ ነው ጋሼ! ጉንፋን አይዘው!»

እሑድ ስለነበር ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል፤ ሌላ ብሎን የለም። የጎበጠው መቃናት አለበት፤ ብረት ደግሞ በምክር አይቃናም። ክቡርነታቸው ወደ አጥሩ ሄደው አናጢውን ጠሩት።

«ወንድሜ፣ ቀንህ ደርሷል። መዶሻህን ይዘህ ና።»

ሳምንቱን ሙሉ ሲለምን የከረመው ያ ሰውዬ ፊቱ ነጣ።

«እኔ? ኧረ ጋሼ... ቢሰበርስ? ይቅርብኝ!»

«ቀጥ ብሎ የኖረ ብረት ነው። አታስገድደው፤ አስታውሰው።»

አናጢው ብሎኑን እንጨት ላይ አጋድሞ፣ የተኛን ሰው ላለመቀስቀስ እንደሚጨነቅ አድርጎ መታው። መስተዋቱ ላይ አንከባለሉት፤ ተንገዳገደ። መታው፤ አንከባለሉት። ከግንባሩ ላብ እየወረደ፣ «በልጆቼ አምላክ!» እያለ፣ መታው፤ አንከባለሉት። በመጨረሻ ብሎኑ ከመስተዋቱ ዳር እስከ ዳር ድምፅ ሳያሰማ ሄደ። አናጢው መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ሁሉም ነገር ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ብሎኖቹ፣ ጋስኬቱ፣ ፒስተኑ፣ በዘይት የተቀቡት ቀለበቶች። ክቡርነታቸው ሲሊንደሩን አጥልቀው ቀለበቶቹን በጣታቸው ሰብስበው አሳለፉ፤ ከዚያ ሁለቱንም እጃቸውን አነሱ። ማንም አልነካውም። በራሱ ክብደት፣ እንደ ንጉሥ ወደ ዙፋኑ፣ እየተረጋጋ ወረደ፤ ከሥሩ የታፈነው አየር «እፍ...» ብሎ ወጣ፤ ተቀመጠ። እናቴ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ በሕይወቴ ብዙ ትክክለኛ መልስ አግኝቻለሁ፤ ትክክለኛ መልስ ሲተነፍስ የሰማሁት ግን ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰኞ ጠዋት ማርሚታው ሰማያዊ ጭስ ተፋና ስኩተሯ ተነሳች። የጤና ጣቢያው ኃላፊ በሩ ላይ ቆመው አዩ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የዳገቱንም የመድኃኒት ሣጥን በገዛ እጃቸው ከኋላዋ አሰሩላት። አዲስ ሲሊንደር እስኪለማመድ ድረስ አይጋለብምና ክቡርነታቸው፣ «ቀስ! እንዳታጣድፊያት!» እያሉ መከሩ። እናቴ ጉዞ ስትጀምር ግን ምክሩ ብቻ አላስቻላቸውም፤ በነጠላ ጫማቸው፣ ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው፣ ከኋላዋ ይሮጡ ጀመር። እኔም ከኋላቸው። ዳገቱ ወገብ ላይ ትንፋሼ አጥሮ ቆምኩ፤ እሳቸው አልቆሙም። ስኩተሯና ሽማግሌው ተከታትለው፣ ዱጉ ዱጉ እያሉ፣ ወደ ላይኛው መታጠፊያ ወጡ።

ብርቱካን የሚሸጡ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ይመለከቱ ነበር።

«ልጄ፣ እኚያ ሰውዬ ምን ሆነው ነው ስኩተር የሚያባርሩት?»

«አጎቴ ናቸው» አልኳቸው።

የተጠየቅሁት ምን እንደሆኑ ነው እንጂ የማን እንደሆኑ አልነበረም፤ ፈተና ላይ ቢሆን ዜሮ ነው። ሴትዮዋ ያልገባኝ መስሏቸው ጥያቄውን ደገሙልኝ። እኔም መልሴን ደገምኩላቸው።