አምስት የሥራ ቀናት

ሥራ የፈታ ሰው ሥራ እንደሚበዛበት ታውቃላችሁ? እኔ ሰባት ወር ሙሉ አይቼዋለሁ። ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ስልኬን እከፍታለሁ። ፊቴን ታጥቤ አያለሁ። ቁርስ ላይ አያለሁ። አባቴ ምን ጠፍቶብህ ነው ሲለኝ ምንም እለዋለሁ። ከአልጋ ወደ በር፣ ከበር ወደ አስፋልት፣ ከአስፋልት ተመልሶ ወደ አልጋ። አዳማ ደግሞ ነፋሷ ራሱ ሰው አያስቀምጥም።

የማየው ምን መሰላችሁ? የሕግ ትምህርት ቤታችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «ዜና እና ዕድል» ይባላል። ዜናው ብዙ፣ ዕድሉ ጥቂት። እገሌ ዳኛ ሆኖ ተሾመ፤ እንኳን ደስ አለህ። እገሊት ወለደች፤ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ውጭ አገር ነፃ የትምህርት ዕድል ተገኘ፤ ምዝገባው ትናንት አብቅቷል። ይህንንም ቢሆን ከልባችን እናመሰግናለን፣ የጸሎት እጅ እንልካለን።

በርግጥ ድሮም ዕድል እንዲሁ ነበር። ድሮ ስል ከሦስት ዓመት በፊት ማለቴ ነው። ያኔ ማስታወቂያ የሚለጠፈው ግቢ ውስጥ ባለ ሰሌዳ ላይ ነው፤ ነፋሱ ደግሞ ከእኛ ቀድሞ ያነበዋል። አንድ ቀን ከበሩ ፊት ለፊት ሳምቡሳ ገዝቼ የተጠቀለለበትን ወረቀት ዘርግቼ ባነብ፣ የምስለ ችሎት ውድድር ጥሪ ሆኖ ተገኘ። ዘይቱን ጠርጌ ቀኑን ፈለግኩ። ምዝገባው ያበቃው በዚያው ዕለት ጠዋት ነው። ሳምቡሳዬን በሐዘን በላሁ። ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ ይጣፍጥ ነበር፣ አልዋሽም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። አባቴ የአይሱዙ ሾፌር ነው፤ ከዓለም ጤና ሽንኩርት ይጭናል። አጎቴ እዚያው በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። ሁለቱ ወንድማማቾች እኔን ሳያማክሩ መክረው ጨርሰዋል፤ የሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ ሄጄ የውሃውን ሞተር እጠብቃለሁ። ሽንኩርት ነውር አይደለም፤ አምስት ዓመት ያስተማረኝ እሱ ነው። ግን የመውጫ ፈተና አልፌ፣ ጋውን ለብሼ ፎቶ ተነስቼ፣ እናቴ ያንን ፎቶ ሳሎን ሰቅላው፣ ቦይ ለቦይ መሄድ አንገበገበኝ። እንቅልፍ ነሳኝ።

እንዲህ እየተንገበገብኩ ሳለ፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ግሩፑ ላይ አንድ ማስታወቂያ ወጣ። ባቱ ያለ አንድ ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከል አንድ ጀማሪ የሕግ ባለሙያ ይፈልጋል። የሥራ ልምድ አይጠየቅም። ማስረጃ ይዞ በአካል ቀርቦ መመዝገብ ነው። ጊዜው አምስት የሥራ ቀናት።

ሌላ ሰው ቢሆን ምን ያደርጋል? ማስረጃውን ፎቶ ኮፒ አድርጎ በማግስቱ መኪና ይሳፈራል። እኛ ግን የሕግ ሰዎች ነን። «አምስት የሥራ ቀናት» የሚል ነገር አግኝተን ዝም ብለን ልንሳፈር?

አንዱ ዓርብ ያበቃል አለ፤ ሰኞን ቆጥሮ ነው። እኔ ተነሳሁ። ማስታወቂያ የወጣበት ቀን አይቆጠርም፣ ይህን የማያውቅ የሁለተኛ ዓመት ትምህርቱን ይድገም ብዬ ጻፍኩ። አሥራ አንድ ሰው አጨበጨበልኝ። ደስ አለኝ፤ በሰባት ወር ውስጥ የተጨበጨበልኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ክርክሩ በረድ ሲል ጀሚላ ገባች። ጀሚላ የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፤ አባቷ እህል ነጋዴ ናቸው። ክፍል ውስጥ ከኋላ ትቀመጥና አስተማሪው ሊወጣ ሲል አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፤ በሷ ምክንያት ምሳ ያመለጠን ቀን ብዙ ነው። ያን ዕለትም የጻፈችው አንድ ቃል ነው። «ቅዳሜስ?»

አቤት! ቅዳሜ የሥራ ቀን ነው ወይስ አይደለም? ግማሽ ቀን የሚሠራ መሥሪያ ቤት ግማሽ ቀን ይቆጠርለታል? ሁለት ቅዳሜ አንድ ቀን ይሆናል? ሰው ከየወረዳው ተጠራርቶ መጣ። ዳኛ የሆነው ልጅ ሳይቀር ችሎት መሃል ሆኖ ሳይጽፍ አልቀረም። እኔ ቆሜ ነበር የምጽፈው፤ ከሳሎን ወደ ጓዳ፣ ከጓዳ ወደ ሳሎን። እናቴ ሰውዬው ምን አድርጎህ ነው አለችኝ። የቱ ሰውዬ? አልኳት። የምትሰድበው አለች።

ቅዳሜን ከሥራ ቀን አስወጥቼ ገና ላቤን ሳልጠርግ ጀሚላ ደግሞ ሌላ ላከች። «ዒድ ዓርብ ከዋለስ? ጨረቃዋ ሐሙስ ማታ ካልታየችስ?»

ይኼኛው ቤንዚን ነው። ጨረቃ ከታየች ዓርብ በዓል ነው፣ ቀኑ ወደ ማክሰኞ ይገፋል። ካልታየች ሰኞ ያበቃል። ታዲያ አመልካች መብቱን ከጨረቃ ላይ ያንጠለጥላል? እኔ በዓል የመዋሉ ጥርጣሬ ለአመልካች የሚጠቅም ሆኖ መተርጎም አለበት አልኩ። ስለዚህ የመጨረሻው ቀን የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። ጀሚላ መለሰች፣ መለስኩ። ከዚያ ለሃያ ደቂቃ ጠፋች። ዝም አሰኘኋት ብዬ ተንጎማለልኩ። ተመልሳ መጥታ «አላሳመንከኝም» አለች። እኔም በሁለት ገጽ አሳመንኳት። ከዚያ በኋላ አልጻፈችም።

ሐሙስ ማታ ጨረቃ ታየች። ዓርብ ዒድ ሆነ። ግሩፑ በሙሉ እኔን እንኳን ደስ አለህ አለ፤ ለሙስሊሞቹ ጓደኞቻችን ዒድ ሙባረክ ያልነው ከዚያ በኋላ ነው፣ አላህ ይቅር ይበለን።

እንግዲህ ትጠይቁኛላችሁ፣ ለምን ዝም ብለህ ረቡዕ አልሄድክም? ሰኞስ? ጥሩ ጥያቄ ነው። አባቴም ጠይቆኛል። ሰማችሁ፣ ማክሰኞ ነው ብዬ ተከራክሬ፣ ረትቼ፣ ሰኞ ባቱ ብታይ ምን እባላለሁ? በራሱ ክርክር የማያምን ጠበቃ አይባልም? የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ብዬ ለአባቴ ተረትኩለት። እሱም፣ ተወው፣ ረቡዕ ዓለም ጤና መሄድህ እንደሆነ ያው ነው አለኝ።

ማክሰኞ ጠዋት በሞጆ በኩል ተጓዝኩ። ዓለም ጤናን ሳልፍ ፊቴን ወደ ሌላኛው መስኮት አዞርኩ። ባቱ ወርጄ በባጃጅ ማዕከሉ በር ደረስኩ። በሩ ላይ አንድ አዛውንት ጥበቃ አሉ። «አካም ቡልተን፣ አባቴ» ብዬ በኦሮምኛ እንዴት አደሩ አልኳቸው። «ነጋ፣ ደህና ነኝ። አንተም ለምዝገባ ነህ?» አሉኝ። አንተም? ዞር ስል አራት የክፍላችን ልጆች አጥሩ ሥር ቆመዋል። ሁሉም በእኔ ትርጉም አምነው የመጡ ናቸው። ማንም ሰላም አላለኝም።

ገባሁ። ከጠረጴዛው ኋላ ማን ተቀምጧል? ጀሚላ።

ፊት ለፊቷ ሁለት የአበባ እርሻ ሠራተኞች አሉ፤ ከሥራ ተባረው ነው። ስሟን ጠርተው፣ እህቴ እያሉ ያወሯታል። እኔን ስታይ በዓይኗ ቆይ አለችኝና ጨርሳ ሸኘቻቸው። ከዚያ ማስረጃዬን ተቀብላ አገላበጠች፣ ማኅተም መታችበት። «በጊዜው የቀረበ» ይላል።

«ልክ ነበርክ ዳዊት» አለች። «የመጨረሻው ቀን ዛሬ ነው።»

«አንቺ መቼ መጣሽ?»

«ባለፈው ማክሰኞ።»

«ማክሰኞማ ከእኔ ጋር ስትከራከሪ ነው የዋልሽው!»

«መኪና ውስጥ ሆኜ ነዋ። መንገዱ ሰለቸኝ። መሃል መንገድ ላይ ኔትወርኩ ጠፋብኝ እንጂ የምመልስልህ ነገር ነበረኝ።»

ያ ሃያ ደቂቃ! እኔ ሳሎን ውስጥ የተንጎማለልኩበት!

ሰው ይህን ታሪክ ሲሰማ ወሬ ይቅር፣ ሥራ ይሻላል ብሎ ሊመክረኝ ይፈልጋል። አልቀበልም። ጀሚላ ከእኔ ያነሰ አላወራችም። ከመከራችሁኝ፣ ተከራከር፣ ግን ተሳፍረህ ተከራከር በሉኝ።

ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ብርቄ ይባላሉ፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው የሚያነጋግሩት። ገባሁና ወይዘሮ፣ ጊዜው ሳያልቅ እንዴት ቅጥር ይፈጽማሉ? አልኳቸው። በሩ ላይ ባለጉዳይ ተሰልፎ እስከ ሐሙስ ጠበቅን፣ ከአንዲት ልጅ በቀር ለሥራው የመጣ የለም፣ እሷን ቀጠርን፣ ባለጉዳይ ደግሞ ጨረቃ አይጠብቅም አሉኝ። ስለ ጨረቃው የሰሙት ከማን እንደሆነ ገባኝ። እኔ ግን መብቴን አልኩ። እሳቸውም፣ ልክ ነህ፣ ቅሬታህን በአንድ ገጽ ጽፈህ አቅርብ፣ ካሸነፍክ ውድድሩን እንደገና እናወጣለን አሉኝ። ቀጥለውም በቅንነት፣ መጻፍ ከቸገረህ እዚህ በነፃ እንጽፋለን አሉ።

መጻፍ ከቸገረህ! እኔን!

ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀመርኩ። ነገ ረቡዕ ነው። አንድ ገጽ ጻፍኩ፣ ገና ስለ ቅዳሜ ነኝ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ጨረቃዋ ወጣች። ሦስተኛው ላይ ስለ ፍትሕ አጠቃላይ ባሕርይ እያብራራሁ ነበር። ቀደድኩት። እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ቅዳሜ ላይ ቆምኩ። አራቱ ጓደኞቼ ሲሰለቻቸው ዓሣ ሊበሉ ወደ ሐይቁ ሄዱ። እኔ ለማልቀስ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ እውነቴን ነው።

ጀሚላ ለምሳ ስትወጣ አየችኝ። አጠገቤ ተቀመጠችና ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ሦስት ጥያቄ ጠየቀችኝ። መቼ አየህ? መቼ መጣህ? ምን እንዲደረግልህ ትፈልጋለህ? ከዚያ አጎንብሳ ጻፈች። ምሳዋን አልበላችም። ግማሽ ገጽ እንኳ አልሞላም። ማስታወቂያው መቼ እንደወጣ፣ ጊዜው መቼ እንደሚያልቅ፣ ቅጥሩ መቼ እንደተፈጸመ፣ ስለዚህ ቅጥሩ ይሻር። በቃ። ስለ ቅዳሜ አንዲት ቃል የለም። አነበብኩት። ቀዳዳ ፈለግኩ፣ አጣሁ። እኔ ዳኛ ብሆን ቆሜ እፈርድለታለሁ።

«ጀሚላ፣ ይህን ካስገባሁ እኮ ትባረሪያለሽ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን እንዲህ አሳምረሽ ጻፍሽው?»

«አንተ ባለጉዳይ ነህ፤ ሥራዬ ነው» አለች። ከዚያ ሳቅ ብላ፣ «ደግሞ እኔ ስባረር ወንበሩ ላይ አንተ ትቀመጥ የለ? ያኔ እኔ እመጣና አንተ ትጽፍልኛለህ።»

እስኪብርቶውን ሰጠችኝ፣ እንድፈርም። እኔ ግን እሷን በዚያ ወንበር ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ እኔን ከጠረጴዛው ኋላ፣ ሦስተኛው ገጽ ላይ ስለ ጨረቃ ስጽፍላት አየኋት። የአበባ እርሻ ሠራተኞቹንም አየኋቸው፤ ከኋላዋ ተሰልፈው፣ ቅዳሜ እስኪያልቅ ሲጠብቁ።

ወረቀቱን አጣጠፍኩና እስኪብርቶውን መለስኩላት። የአጎቴን ሽንኩርት ውሃ ሳጠጣ አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ። ሞተሩ ሲነሳ አውጥቼ አነበዋለሁ፤ እሱን ሳላይ እንዲህ መጻፍ እስክችል ድረስ።